የገዛ ምስጢሬ አስተርጓሚ

በሕይወቴ ብዙ ሰው ፊት ቆሜ ተርጉሜያለሁ። ስብከት ተርጉሜያለሁ፣ የሠርግ ምርቃት ተርጉሜያለሁ፣ አጎበር ሲታደል የጤና ባለሙያ ንግግር ተርጉሜያለሁ። ከዚህ ሁሉ መካከል ሆን ብዬ ያዛባሁት አንድ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጂንካ ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጢም ብሎ በሞላ ቤተክርስቲያን፣ አጠገቤ የቆመች ጓደኛዬ አንድ ነገር ስትናገር እኔ ሌላ ተናገርኩ። አስቴር እባላለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያለችው አስቴር ከዚያ በፊት ከነበረችው ጋር አንድ ሰው አትመስለኝም። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጂንካ ባለ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ያደግሁት ግን ኦሞራቴ ነው። አባቴ ከብት የሚከትብ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ልጅነቴ ያለፈው ወንዙ ዳር፣ ከዳሰነች ልጆች ጋር ነው፤ ቋንቋቸውንም እየተጫወትኩ ለመድኩ። እናቴ የአሪ ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ አሪኛ እንሰማ ነበር። አማርኛውን ከአባቴና ከትምህርት ቤት አገኘሁት። እንግሊዝኛውን ደግሞ ጋሽ ደረጀ አስተማረኝ።

ጋሽ ደረጀ የኮሌጃችን የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ትምህርቴን ላቋርጥ ስል እቤት ድረስ መጥቶ እናቴን ለምኖ ያስቀጠለኝ እሱ ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ እንድተረጉም ያለማመደኝም እሱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የውጭ ተማሪዎች ፕሮግራም አስተባባሪ ነበር።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ባሕር ማዶ ካለ አንድ የክርስቲያን ኮሌጅ ስምንት ተማሪዎች ይመጡና አንድ መንፈቀ ዓመት ከእኛ ጋር ይማራሉ። ከክፍል ይልቅ ውጭ የሚማሩት ይበዛል። ሰው ቤት ይኖራሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ሁለት ሳምንት ቆላ ወዳለችው ዲመካ ከተማ ወርደው የመስክ ቆይታ ያደርጋሉ። በመጨረሻ እዚህ ኖረው ልባቸውን የነካውን ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ ነጥብ ይያዝበታል። በልዋጩ ከእኛ አንድ ተማሪ እነሱ ጋ ሄዶ አንድ መንፈቀ ዓመት ይማራል። በዚያ ዓመት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አዋሳ ድረስ ሄጄ ፓስፖርቴን አውጥቼ፣ ሻንጣ ተውሼ ተዘጋጅቼ ነበር።

አሁን ስለ ሜሮን ልንገራችሁ። ሜሮን ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል፣ የልጆች መዘምራን። ሰው ሁሉ እህቴ እንደሆነች ያውቃል። እሷም የምታውቀው እንደዚያ ነው፤ «እትዬ» ነው የምትለኝ። የወለድኳት ግን እኔ ነኝ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ።

ሆዴ ሳይታወቅ እናቴ ከኦሞራቴ አውጥታ አርባ ምንጭ አክስቴ ዘንድ ወሰደችኝ። እዚያ ወለድኩ። አባቴ ዝውውር ጠይቆ ጂንካ ሲገባ እናቴ ሕፃኗን አቅፋ፣ እኔ የልብስ ሻንጣ ይዤ ከኋላዋ ደረስን። ጎረቤት «በስተርጅና ወለደች» ብሎ ሲያላግጥ እናቴ አብራ ትስቅ ነበር። እኔ በር ዘግቼ አጠባታለሁ፤ እናቴ በር ከፍታ ታዝላታለች። እንዲህ እንዲህ እያልን አሳደግናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ጂንካ ውስጥ ይህን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

በዚያ ዓመት ከመጡት ተማሪዎች አንዷ፣ ሬቸል፣ እኛ ቤት እንድትኖር ተመደበች። በመጣችበት ቀን እናቴ «ራሔል» ብላ ጠራቻት፤ በዚያው ጸና። ሌሎቹ ተማሪዎች ከቤት ቤት ሲቀይሩ እሷ ከእኛ አልተነሳችም። ጎደሬ በዳጣ መብላት ለመደች። አልጋዬ ላይ ከእኔ ጋር ትተኛለች። አማርኛ የተማረችው በሜሮን የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ሜሮን በጣቷ እየጠቆመች ታስነብባታለች፣ ስትሳሳት ትቆጣታለች። እህት ኖሮኝ አያውቅም፤ እህት ማለት እንዲህ ነው ለካ ብዬ ነበር።

ዲመካ በወረድን በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ውለን ተመልሰን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ራሔል በዚያ ቀን ከቤቷ መልእክት ደርሷት ነበር፤ እናትና አባቷ ሊፋቱ ነው። አለቀሰች። ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ፤ ቃል ገባሁላት። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «አንቺስ? አንቺ ለማንም ያልነገርሽው ነገር የለሽም?» አለችኝ።

«ሜሮን ልጄ ናት» አልኳት።

ያን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኦሞራቴን፣ አርባ ምንጭን፣ የተዘጋውን በር። እሷ እጄን ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ በአማርኛ፣ አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ለማንም። አልናገርም» አለችኝ። ስምንት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሳልኝ መሰለኝ።

የፕሮግራሙ መዝጊያ እሑድ ደረሰ። ተማሪዎቹ ማክሰኞ ይሄዳሉ። ሁለቱ መድረክ ላይ ምስክርነት እንዲሰጡ ተመረጡ፤ አንዷ ራሔል ናት። የምተረጉመው እንደተለመደው እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ወረቀቷን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።

«አይሆንም» አለች እየሳቀች። «እዚያው ስትሰሚው ነው የሚያምረው። ለአንቺ ስጦታ ነው።»

ያለ ወረቀት መተርጎም ስለማልወድ ጋሽ ደረጀ ቢሮ ሄድኩ።

«አንብበውታል?» አልኩት።

«የሁሉንም አንብቤያለሁ፤ ነጥብ የምሰጠው እኮ እኔ ነኝ» አለኝ፤ ከጠረጴዛው ቀና አላለም። «አትጨነቂ። እንደ ሁልጊዜው ዝም ብለሽ ተከተያት።»

እሑድ ጠዋት የቤተክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ገና ከረፋዱ ጀምሮ ግሎ ነበር። የልጆቹ መዘምራን ከመድረኩ በስተቀኝ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሜሮን ከፊት ናት። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ነበረች። ጋሽ ደረጀ ከእንግዶቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ራሔል እናቴ የገዛችላትን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ማይኩን ከእኔ ጋር እየተቀባበለች፣ «እንደምን አደራችሁ» አለች። ሰዉ በእልልታ መለሰላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች።

«እዚህ አገር አንዲት ጓደኛ አገኘሁ።»

እየሳቅሁ ተረጎምኩት። ስጦታ ያለችው ይህ መሰለኝ፤ ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ትንሽ አፈርኩ።

«ስሟን አልጠራም።»

«ስሟን አልጠራም» አልኩ።

«ይህች ጓደኛዬ ለብዙ ዓመታት ማንም የማያውቅላት ከባድ ሸክም ተሸክማ ትኖራለች።»

ይህንንም ተረጎምኩት። ተርጉማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አፍ ይቀድማል፣ ልብ ኋላ ይደርሳል። የተናገርኩት ለራሴ የገባኝ ዓረፍተ ነገሩን ዘግቼ ማይኩን ስመልስላት ነው።  ራሔል ወረቀቷን ገለጠች።

«አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የምትኖረው ኦሞራቴ በምትባል ከተማ ነበር።»

እናቴ ቀና ስትል አየኋት። እንግሊዝኛ አታውቅም። ግን የከተማ ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ለአስተርጓሚ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። ዝም ብል ሰዉ ይጠይቃል። ማይኩን ጥዬ ብወርድ ራሴን በራሴ አሳወቅሁ ማለት ነው። ሜሮን እግሯን እያወዛወዘች አፌን አፌን ታያለች፤ እኔ ስተረጉም ማየት ትወዳለች።

«ጓደኛዬ በልጅነቷ ቆላ አገር ነበር የምትኖረው» አልኩ።

ራሔል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አረገዘች።»

«ታመመች» አልኩ። «ከባድ ወባ ያዛት።»

«እናቷ ሸሽጋ ወሰደቻት። ልጅ ወለደች። እናቷም ያቺን ልጅ የእኔ ናት አለች።»

«እናቷ ተሸክማ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሌት ተቀን ሳትለያት ከሞት አተረፈቻት።»

«አሜን!» አለ ሰዉ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ እልል አለች።

ራሔል ግራ ገባት። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ላይ እልልታ ሰማች። እያየችኝ ቀጠለች። «ልጅቷ ዛሬም እናቷን እህቴ ትላታለች።»

«ጓደኛዬ ዛሬም እናቷን ታመሰግናለች» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። ወባ የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ዲመካ ከመውረዳችን በፊት ኪኒን ስንወስድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ። ማይኩ ግን ያዘው። ፊት መቀመጫ ላይ ካሉት እንግዶች ሁለቱ ተያዩ።

«ቀጥይ» አልኳት እየሳቅሁ። 

አልቀጠለችም። ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በአማርኛ፣ ሜሮን ባስተማረቻት አማርኛ፣ «ወባ አይደለም» አለች። «ልጅ። ልጅ ነው።»

በቤቱ ውስጥ ቃሉ ሲዞር ተሰማኝ። ወደ እናቴ አላየሁም። ወደ ሜሮንም አላየሁም። ማይኩን ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድኩና ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

«ልጅ ነበረች ማለቷ ነው! ወባው የያዛት በልጅነቷ ነው እያለች ነው። አማርኛችንን ገና እየተማረች ስለሆነ አበረታቷት!»

ሰዉ በፍቅር ሳቀ፤ አጨበጨበላት። ራሔል ፊቷ ቀልቶ መድረኩ መሐል ቆማ ቀረች። እውነቱን የተናገረችው እሷ ነበረች፤ ሰው እንዲስቅባት ያደረግሁት ደግሞ እኔ። ያን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የመጨረሻውን ያለ ወረቀት ተናገረችው፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ያቺ ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ አለች። ልጇም አለች። ዛሬ ነፃ እንድትወጣ እፈልጋለሁ። በገዛ አፏ እንድትናገር እለምናታለሁ። እኔም ሁላችንም እንጠብቃታለን።» እጇንም ወደ እኔ ዘረጋች።

በዚያች ቅጽበት ጋሽ ደረጀን አየሁት። ዓይኑ ከዓይኔ ሲገጥም አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ እንደሚያውቅ አወቅሁ።

«ሁላችሁም ተነሡ» አልኩ። «ስለ እናቶቻችን እንጸልይ።»

አራት መቶ የሚሆን ሰው አንድ ላይ ተነሣ። በጸሎቱ ጩኸት ውስጥ ማይኩን ለጉባኤው መሪ ሰጥቼ ከመድረክ ወረድኩ።

ራሔል የመዘምራን ልብስ የሚቀየርበት ክፍል ድረስ ተከትላኝ መጣች። ታለቅስ ነበር።

«ለምን?» አለችኝ። «ቦታ አዘጋጀሁልሽ እኮ! ብቻሽን መጀመር ስለሚከብድሽ እኔ ልጀምርልሽ፣ አንቺ ትጨርሺዋለሽ ብዬ ነበር።»

«ለማንም አልናገርም ብለሽኝ ነበር።»

«ስምሽን አልጠራሁም!»

«ሬቸል» አልኳት፤ በገዛ ስሟ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነበር። «ሜሮን እዚያ ተቀምጣ ነበር።»

«እሷስ እውነቱን ማወቅ አይገባትም?»

«ይገባታል» አልኩ። «አንቺ ግን ማክሰኞ ትሄጃለሽ።»

 ስለ ጋሽ ደረጀ ጠየቅኋት።

«ወረቀቱን ሲያነብ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። መምህሬ ነው፣ መዋሸት አልቻልኩም። ጸልዮበት፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል አለኝ።» ትንሽ አመነታችና ጨመረች። «እኔ ሌላ ሰው ይተርጉም ብዬው ነበር። አስቴር ብትሆን ይሻላል ያለው እሱ ነው።»

የራሔል ነገር እንደ ቁስል ነበር የተሰማኝ። ይኼኛው ግን ባዶ አደረገኝ። ቋንቋውን ያስተማረኝ ሰው፣ መድረክ አትፍሪ ብሎ ያሳደገኝ ሰው፣ ወረቀቱ ውስጥ ያለውን እያወቀ «ተከተያት» ብሎ ሰደደኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ሳትጠብቀን ቀደመች። ሜሮን እጄን ይዛለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ራሔል ኦሞራቴ አለች አይደል?»

«አዎ።»

«አንቺ ግን ኦሞራቴ አላልሽም።»

«ረስቼው ነው።»

ትንሽ ሄድን። «ማዘር አለች። ሲስተር አለች። ቤቢ አለች። ወባ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ማሌሪያ።»

«ማሌሪያ አላለችም» አለች። እጄን ለቀቀችኝ።

እናቴ ነጠላዋን ሳትፈታ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ሜሮንን ወደ ጓሮ ላከቻትና በአሪኛ ጀመረች፤ ስትቆጣ አሪኛ ነው የሚቀናት።

«ኦሞራቴ ስትል ሰማሁ። ሌላው አልገባኝም፤ እሱ ይበቃኛል። ለእሷ ነገርሻት?»

«ነገርኳት፣ እማዬ።»

«ሰው ሲያላግጥብኝ ሳቅሁ። ባልሽ ሽማግሌ አይደል ወይ ብለው አባትሽን ሲያሙት ሳቅሁ። አባትሽን አፈር ሲያለብሱት አፌን ይዤ አለቀስኩ። ይኼን ሁሉ ለማን ብዬ ነው? አራት ወር ለኖረች እንግዳ ልትሰጪው ነው?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔንም አልጠየቅሽኝም እኮ። ምስጢሩ የእኔም ነበር።»

የተከዳሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር ወደ ቤት የገባሁት። እናቴ ፊት ስቆም ከዳተኛም እንደሆንኩ ገባኝ።

 በመጨረሻ እናቴ በአማርኛ «ጥሪያት» አለችኝ። «ልጅቷ ጆሮ አላት። ከጎረቤት ከምትሰማ ካንቺ ትስማ። እኔ ከዛሬ ወዲያ አቅም የለኝም።»

ሜሮን የመዘምራን ልብሷን እንደለበሰች ገባች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ሳስበው የኖርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ሜሪዬ፣ የወለድኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «እማዬ አሳደገችሽ። የወለድኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

ወደ እናቴ አየች። እናቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሜሮን አላለቀሰችም። ቅንድቧን ሰብስባ፣ የቤት ሥራ ሲከብዳት እንደምትሆነው ሆና፣ «ራሔል ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከእኔ በፊት ነገርሻት?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችም። የመዘምራን ልብሷን አውልቃ በሥርዓት አጥፋ አስቀመጠችና ከእናቴ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደረጀ ቢሮ ሄድኩ። እሱ ቀደመኝ።

«ትናንት መድረክ ላይ ያደረግሽው ቀላል ነገር አይደለም፣ አስቴር። ቃል አዛብተሻል።»

«የማን ታሪክ እንደሆነ ያውቁ ነበር» አልኩት።

ከመሳቢያው የታተመ መጽሔት አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ፤ ስለ ፕሮግራሙ የተዘጋጀ ነው፤ የራሔል ጽሑፍ ገብቶበታል። «እይው፤ ስም የለበትም። ማን ያውቅብሻል?»

ገለጥኩት። እውነቱን ነው፣ ስም አልነበረበትም። ከጽሑፉ ጎን ግን ፎቶ ነበር፤ እኔና ሜሮን ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን፣ ሜሮን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ። ራሔል ያነሳችን ነው።

«ይሄስ?» አልኩት።

 «ፎቶውን የመረጡት ባሕር ማዶ ያሉት ናቸው» አለ። «ታትሞ አልቋል። ስሚኝ፤ ያኛው ኮሌጅ ፕሮግራሙን የሚያድሰው እንደዚህ ያለ ጽሑፍ አይቶ ነው። ስንት ልጅ እንደሚማርበት ታውቂያለሽ። ከዚህ የበረታ ምስክርነት አግኝተን አናውቅም። አንቺም ትድኚበታለሽ ብዬ ነው።»

«ቢጠይቁኝስ ኖሮ?»

«እምቢ ትይ ነበር» አለኝ።

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። ክርክሩን ያሸነፈ ያህል ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ስለ ጉዞዬ አነሳ፤ ኮሚቴው እስኪያየው ይቆይ፣ መድረክ ላይ እንዲህ ያደረገች ተማሪ የኮሌጁን ስም ይዛ ባሕር ማዶ ብትሄድ ጥያቄ ያስነሳል አለ። ኮሚቴው አይቶት ሌላ ተማሪ ላከ። እኔም መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሼ አልተመዘገብኩም።

ራሔል ማክሰኞ ልትሰናበት መጣች። እናቴ አቅፋ ሳመቻት፤ ለመንገድ ሙዝ ቋጠረችላት። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሜሮን ከጓዳ አልወጣችም። ራሔል ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራች። ከዚያ መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ሄደች። በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምን እንዳደረገችው ያብራሩ ነበር፤ አልመለስኩም። ከዓመታት በኋላ የመጣው ሦስተኛው ምክንያት አልነበረበትም፤ ይቅርታ ብቻ ነበር። እሱን መለስኩለት። ይቅርታዋን ከልቤ ተቀበልኩ፤ ጓደኝነቱ ግን አልተመለሰም።

መጽሔቱ ጂንካን ዞረ፤ ወሬውም ተከተለው። ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራነው ወሬ ስንት ጊዜ የቆየ ይመስላችኋል? ሦስት ሳምንት። ከዚያ የገበያተኛው አፍ ወደ ሌላ ሄደ። እናቴ ግን ከመዘምራኑ እናቶች ጋር እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ ይህን ለማንም አላማረረችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሜሮን ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አለብኝ» አለች። አብረን ሠራነው። «እማ» አላለችኝም፤ አሁንም አትለኝም። እማ እናቴ ናት፤ እኔ እትዬ ነኝ። የለመደ አፏን ላስለውጣት አልፈልግም።

ይህን የምታነቡ፣ እንግዳ ተማሪ ቤታችሁ የምትቀበሉ ሰዎች፣ አትቀበሉ አልላችሁም። እኔ ያገኘሁት ብዙ መልካም ነገርም አለ፤ ራሔልም ክፉ ልጅ አልነበረችም። በአራት ወር ውስጥ ልቧን የነካ ታሪክ ይዛ እንድትመለስ የተላከች የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል። እናንተም ተማሪዎች፣ ባሕር ማዶም ሂዱ፣ ዲመካም ውረዱ። ነገር ግን ሰው አምኖ የነገራችሁን ወረቀት ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ተመልሳችሁ ሂዱና ጠይቁት። እምቢ ካለ፣ መልሱ እምቢ ነው። መምህር ለሆናችሁት የምለው የለኝም። ጋሽ ደረጀን ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ እሱም በትህትና ይመልስልኛል፤ ሁለታችንም ቶሎ እንሄዳለን።

እኔ አሁን የምሠራው ጤና ተቋም ውስጥ ነው። ከኦሞራቴና ከአሪ ገጠር ለሚመጡ እናቶች ከሐኪሙ ጋር አገናኝ አስተርጓሚ ነኝ። ገና ሲገቡ፣ ከሐኪሙ በፊት፣ አጠገባቸው ተቀምጬ በቋንቋቸው የምነግራቸው ነገር አለ፤ የምትነግሩኝ ለሐኪሙ ብቻ ነው፣ እንዳልተረጉመው የምትፈልጉት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩኝ እላቸዋለሁ። ቃል አላዛባም። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድም ቃል አዛብቼ አላውቅም።

ሜሮን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ይህን ለመጻፍ ስነሳ አስፈቀድኳት፤ ጽፌ ስጨርስም ሰጠኋት። እናቴም ተነብቦላት «ይሁን» ብላለች፤ የራሔልንም ፈቃድ በደብዳቤ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ሜሮን ስሟን ቀየረችው፤ እዚህ ያነበባችሁት ስም የራሷ ምርጫ ነው። አባቷ ማን እንደነበረ፣ ዛሬ የት እንዳለ፣ ሁለት ገጽ ያህል ጽፌ ነበር። እስክሪብቶ አንስታ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

«ይሄ የእኔ ነው» አለችኝ።